የቆጣሪ ንባብ

አስራ ዘጠኝ ዓመት በር እያንኳኳሁ፣
የዚህን ከተማ ውኃ ስቆጥር ኖርሁ።
በሬሳን ተሻግሬ፣ በውርጩ፣ በጭቃው፣
ክዳኑን ከፍቼ ቁጥሩን ከነአቧራው
በእርሳስ እጽፋለሁ። እስክሪብቶ አይሆንም፤
በኅዳር ማለዳ ቀለሙ አይወርድም።

ዘንድሮ ፎቶ በዛ በየግንቡ፣
ለከተማው ምክር ቤት ሦስት ሰዎች ቀረቡ፤
ሦስቱም ደንበኞቼ፣ ሦስቱንም አውቃለሁ፤
የሚሉትን ትቼ ቁጥራቸውን አያለሁ።

አቶ ሸዋንግዛው፣ ባለ ሦስት ፎቁ፣
ጽጌረዳዎቹ መጋቢት የማይደርቁ፣
ስድስት ሻወር አለው፣ መኪናም ያጥባል፤
ቆጣሪው ግን ከአምና ፋሲካ ቆሟል።
«ተበላሽቶ ነው» ይላል፤ እሺ፣ ዕቃ ይበላሻል፤
ሲበላሽ ግን ደርሶ ለእሱ ብቻ ያደላል?
መድረክ ላይ ወጥቶማ እንዲህ አለ በቀደም፦
«ውኃ ለሁሉም ቤት! አንድም ሰው አይጠማም!»
ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ፤
ብርዱ እጄን ስለያዘው እንጂ፣ መች አመንሁ።

መምህር ላቀው ደግሞ፣ የሥነ ዜጋው፣
ንጹሕ ነው፤ ሒሳቡን ቀድሞ የሚከፍለው፣
ደረሰኝ በክር ሰፍቶ በዓመት የሚያኖረው።
ሰባት ሜትር ኩብ፤ ክረምትም ሆነ በጋ፣
ከሰባት አያልፍም፣ ስምንትን አይጠጋ።
የጎረቤት ልጆች ጀሪካን ይዘው ቢመጡ
«መርሕ መርሕ ነው» ብሎ ያዛል እንዲወጡ።
ክፉ ነው አልልም፤ ልጄን አስተምሯል፤
ሕግም እሱ አፍ ውስጥ ሲገባ ያምራል፤
ግን በሰባት ኩብ ልክ ከተማ ይኖራል?

ሦስተኛዋ እታፈራሁ ናት፣ ጠባሴ ልብስ ሰፊዋ፣
የፋብሪካ ብርድ ልብስ ጠርዝ ዘምዛሚዋ።
ቤቷ አንድ ክፍል፤ ቆጣሪዋ ግን ይሮጣል፣
አርባ ኩብ፣ አርባ አምስት! ሆቴል ያስንቃል።
መጀመሪያ ጊዜ ቧንቧው ቢያፈስ ብዬ
አፈሩን አዳመጥሁ ጆሮዬን ጥዬ።
ፍሳሽ የለም። ማታ በጓሮ ሳልፍ ግን
ሰልፉን አየሁት፣ ጀሪካን ቢጫ ቢጫውን፤
ከመንዝ ከመርሐቤቴ ለቀን ሥራ የመጡ፣
ቤት ተከራይተው ውኃ ግን ያጡ፣
ከእርሷ ይቀዳሉ። «ሒሳቡን ማን ይከፍላል?»
«እሱን ለእኔ ተወው፤ መኪናዬ ይሰፋዋል።»

ቅድስት ናት እንዳልል አፏ ሚጥሚጣ ነው፤
አንድ ጠዋት ሰድባኛለች ሰፈሩ እየሰማው፦
«ዘነበ ቆጣሪ! ስምህ ሲያሾፍብን!
ዘነበ ትባላለህ፣ ድርቅ አመጣህብን!»
በስብሰባው ዕለት መድረኩ ላይ ወጥታ
ወረቀቷ ጠፋ፤ ቆመች አንገት ደፍታ፤
ኋላ ቀና አለችና፦ «ቧንቧው የሚመጣው ሌሊት ነው፤
ሌሊት የሚተኛ ሰው አትምረጡ፤ ይኸው ነው።»
ብላ ወረደች። ማንም አላጨበጨበ፤
አዳራሹ ግን፣ ለአፍታ፣ አሰበ።

እንዲህ ስመዝናቸው ሦስቱን በየተራ
የራሴ ቁጥር መጣ ሳይጠራ።
ከሸዋንግዛው ደጅ፣ አምና በፋሲካ፣
በግ እየጎተትሁ ወጥቻለሁ ለካ!
ያኔ ነው የቆመው ያ ቆጣሪ፣ ያኔ።
በእርሳስ የጻፈው ማን ነው? እኔው፣ እኔ።
እርሳስ በላጲስ ይጠፋል፣ ብዙም ሳይፈገፈግ፤
አልጠፋ ያለኝ ያ የፋሲካ በግ።

የምርጫው ቀን ሰልፍ ያዝን ፀሐይ ሳትሞቅ፤
ሸዋንግዛው ጨበጠኝ፣ በወርቅ ጥርሱ ሲስቅ፣
ጠቀሰኝም። ዐይኔን ሰብሬ
ገባሁ ከመጋረጃው ዞሬ።
እስክሪብቶ አስረዋል በሲባጎ፣ ከጠረጴዛው፤
ሞቅ ብሎ ነበር፣ ስንት ሰው እጅ እንደያዘው።
ምልክት አደረግሁ። ማን ላይ? አልናገርም።
በእርሳስ ግን አልነበረም።

ሰኞ ያን በር ሄድሁ አዲስ ቆጣሪ አቅፌ፤
አንኳኳሁ። ዝም። ቆምሁ ግንቡን ተደግፌ።
ውስጥ ውኃ ይፈሳል፤ ይሰማል ሲንፎለፎል።
ውሻው ይጮኻል። ሰው ኮቴ ያሰማና ያቆማል።
አስራ ዘጠኝ ዓመት በር ሳንኳኳ ኖሬ
እንዲህ ተንቀጥቅጬ አላውቅም እስከ ዛሬ።